«የሰማዩ ሩቅ ነው፤ የዛሬው እጄ ላይ ነው»

ጥያቄ

ይድረስ ለመምህራችን። በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የእህል ነጋዴ ነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ሳልሸሽግ ልንገርዎት፤ ከገበሬ ስገዛና ለሸማች ስሸጥ ሚዛኔ አንድ አይደለም። ከአንድ ኩንታል ሦስትም አራትም ኪሎ ይተርፈኛል። በዚህ ገበያ እንዲህ የማያደርግ ነጋዴ አላየሁም። በዚያ ትርፍ ልጆቼን አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ከባልንጀሮቼ ጋር ሥጋውም መጠጡም አይጎድልብኝም፤ አምና ደግሞ ለደብራችን የስለት ጃንጥላ አስገብቻለሁ። በጉባኤ ላይ «ከጊዜያዊው ደስታ የዘላለሙን ዋጋ ምረጡ» ብለው ሲያስተምሩ ሰምቼ ቤቴ ከገባሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ነገር ግን የሰማዩ ሩቅ ነው፤ የዛሬው እጄ ላይ ነው። ሩቁን መምረጥ እንዴት ይቻላል? ደግሞስ ዋጋ አገኛለሁ ብሎ መልካም መሥራት ራሱ ንግድ አይሆንም? ንስሐውንስ ዕድሜዬ ገፋ ሲል ብገባ ምን አለበት?

መልስ

ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልህ። እንቅልፍ ማጣትህን እንደ ችግር ጽፈኸዋል፤ እኔን ግን ከደብዳቤህ ሁሉ ያስደሰተኝ እርሱ ነው። የሚያስፈራኝ ሚዛን አጉድሎ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው።

«ሩቅ ነው» ካልከው ልጀምር። አሁን ሐምሌ ነው። በዚህ ወር የብዙ ገበሬ ጎተራ ባዶ መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። ምንጃር ወርደህ ብታይ ጤፍ የሚዘራው በዚሁ ሰሞን ነው። አንዲት እናት ልጆቿን ግማሽ እንጀራ አካፍላ አስተኝታለች እንበል። በቤቱ ጥግ አፉ የታሰረ የዘር ጤፍ ተቀምጧል። ብታስፈጨውና ብትጋግረው ቤተሰቡ ጠግቦ ያድር ነበር፤ እርሷ ግን አትነካውም። ልጇ ሌሊት ነቅቶ «ራበኝ» ቢላት እንኳ ውኃ ትሰጠዋለች እንጂ የዚያን ከረጢት አፍ አትፈታም። ኅዳርን በዓይኗ አላየችውም። ዝናቡ ይቆረጥ፣ በረዶ ይምታው የምታውቀው ነገር የለም። ሆኖም በእምነት ዘሩን ጭቃ ላይ ትበትነዋለች።

ስለዚህ ሩቁን መምረጥ ለመናንያን ብቻ የተሰጠ ምሥጢር አይደለም። የአገራችን ገበሬ ሆዱ እየጮኸ በየዓመቱ ይመርጠዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ከዚሁ ከእርሻ ተነሥቶ ነው የነገራቸው፤ በገዛ ሥጋው የሚዘራ ከሥጋ መበስበስን ያጭዳል፣ በመንፈስ የሚዘራ ግን ከመንፈስ የዘላለምን ሕይወት ያጭዳል። እንግዲህ የአንተ ሕመም ሩቁን ማየት አለመቻል አይመስለኝም። ነጋዴ እኮ ነህ፤ በጥር ገዝተህ በሐምሌ ለመሸጥ ስድስት ወር መጋዘን ዘግተህ ትጠብቃለህ። ለብር ሲሆን መጠበቅን ታውቅበታለህ፤ ለነፍስህ ሲሆን ነው ዛሬን የምትጠይቀው።

አንድ ከባድ ነገርም ልጨምርልህ፤ ሳልነግርህ ባልፍ መምህርህ አይደለሁምና። ያቺ እናት ዘሯን ዘርታ ስታበቃ ለቤቷ ቀለብ ዶሮ ወይም በግ ሸጣ እህል ልትሸምት ወደ ገበያ ትወጣለች። በሚዛንህ የምትቆመው እርሷ ናት። ከኩንታል ሦስት ኪሎ ስትለኝ ቍጥር ይመስላል፤ ነገር ግን ለልጁ ውኃ ሰጥታ ካስተኛች ሴት የተወሰደ እንጀራ ነው። ኦሪት ዘዳግም በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ መመዘኛ አይኑርህ ያለው ስለዚህ ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» ያልከውም እርሷን አያጠግባትም።

ወደ ሙሴ ልውሰድህ። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ ሐዋርያው ስለ እርሱ ሲናገር «ለጊዜው በኃጢአት ከሚገኝ ደስታ ይልቅ ከእግዚአብሔር ሕዝብ ጋር መከራ መቀበልን መረጠ» ይላል። ቃሉን ልብ በለው። በኃጢአት ደስታ የለም አላለም። አለ፤ ለጊዜው አለ። አንዳንድ ሰባክያን ኃጢአት ከመጀመሪያው ጉርሻ ጀምሮ መራራ እንደ ሆነ አድርገው ሲያስተምሩ ሰሚው በልቡ «እኔ እኮ ጣፍጦኛል» ይልና ትምህርቱን ሁሉ ይጥለዋል። መጽሐፍ እንዲህ አያታልለንም። የፈርዖን ቤት ማዕድ ይጣፍጥ ነበር። ሙሴ የተወው የሚጣፍጠውን ነው።

እንዴት ተወው? ሐዋርያው ምክንያቱን አስከትሎ ይነግረናል፤ «ብድራቱን ትኩር ብሎ ተመልክቶአልና»። ትኩር ብሎ! በጨረፍታ አይደለም። እኛ መንግሥተ ሰማያትን የምናስበው በቀብር ቀንና በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ገንዘቡን ግን በየሰዓቱ እንቈጥረዋለን። ዓይን ትኩር ብሎ ያየውን ልብ ይከተለዋል። በየቅዳሴው ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲል፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ማለቱ ነው፣ አንተም ከሕዝቡ ጋር «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» እያልክ ትመልሳለህ፤ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ ነው ማለትህ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ይህን ከመመለስህ በፊት አንድ አፍታ ዝም በልና ልብህ እውነት የት እንዳለ ጠይቀው። መጋዘኑ ውስጥ ካገኘኸው አትደንግጥ፤ ከዚያ አንሥተህ አምጣው። ሩቁ የሚቀርበው እንዲህ ነው። በአንድ ጊዜ አይቀርብም፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቀርባል።

ስለ ሥጋውና ስለ ባልንጀሮችህ ብዙ አልልህም። በፍስክ ቀን ከወዳጅ ጋር ተቀምጦ መብላት ነውር አይደለም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ቤት ተገኝቷል፤ ሐዋርያውም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እግዚአብሔር ደስ እንዲለን ሁሉን አትርፎ የሚሰጥ ነው ብሏል። በስካርና በጾም ቀን ከሆነ ግን መልሱን ራስህ ታውቀዋለህ። ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ የምትተወው የተፈቀደውን መተው ስትለምድ ያልተፈቀደውን ለመተው ጉልበት እንድታገኝ ነው። ቅቤን ትተን ሚዛን ማጉደልን ካልተውን የጾሙ ትምህርት ከጆሯችን አልፎ ልባችን አልገባም።

ዋጋ ፈልጎ መልካም መሥራት ንግድ አይሆንም ወይ ያልከው ጥያቄ የቆየ ነው፤ በደንብ የጠየቅኸውም እርሱን ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ለእግዚአብሔር የሚታዘዙ ሰዎችን በሦስት ከፍሎ አስተምሯል፦ ቅጣት ፈርቶ እንደሚታዘዝ ባሪያ፣ ደመወዝ ፈልጎ እንደሚሠራ ምንደኛ፣ አባቱን ወድዶ እንደሚያገለግል ልጅ። መድረሻችን ሦስተኛው ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለውን ሰው «አንተ ነጋዴ ነህ» ብዬ አላባርረውም። ማታ ቤትህ ስትገባ ትንሹ ልጅህ እየሮጠ በር ድረስ የሚመጣው በኪስህ ከረሜላ ይኖራል ብሎ ነው። አትቆጣውም፤ ታቅፈዋለህ። ሲያድግ ከረሜላውን ይረሳል፤ ያኔ አንተኑ ብሎ ይመጣል፤ ባዶ እጅህን ብትገባም ይመጣል። እግዚአብሔርም እንዲሁ ታግሦ ያሳድገናል። መዝሙረኛው ዳዊት በመጨረሻ እግዚአብሔርን ራሱን «እድል ፈንታዬ» ብሎ ጠራው። የሰማይ ዋጋ ሲባል ከእርሱ ተለይቶ የሚቆጠር ገንዘብ አይደለም፤ እርሱን ማግኘት ነው።

በዚያ ላይ ዋጋ ስንል እንደ ደመወዝ ሠርተን የምናስከፍለው አይምሰልህ። ሐዋርያው በሮሜ መልእክቱ «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ለኃጢአት ሰጥቶታል፤ የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነው። የዘላለምን ሕይወት ግን የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ብሎታል።

አሁን ወደ ንስሐው። በየደብራችን የማየው ሥዕል ያሳዝነኛል። ቅዳሴ ሲፈጸም ሥጋውና ደሙን ለመቀበል የሚሰለፉት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። መካከሉ ባዶ ነው። በአንተ ዕድሜ ያለው ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ ያያቸዋል፤ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ላይ ጌታ የነገረን ባለጠጋ እንዳንተ የእህል ሰው ነበር። መጋዘኑን አፍርሶ ሊያሰፋ አስቦ ነበር። እህሉን ከገዛ እርሻው ነው ያመረተው፤ ሚዛን አጉድሏል የሚል በታሪኩ አልተጻፈም። ሆኖም «በዚች ሌሊት» ተባለ።

ሞት ድንገት ይመጣል ብዬ ብቻ ላስፈራራህ ግን አልፈልግም። እስከ ሰማንያ ዓመት ኖርክ እንበል። ዛሬ የበደልካቸውን ገበሬዎች በስም ታውቃቸዋለህ፤ ከየትኛው ቀበሌ እንደሚመጡ፣ አህያቸውን የት እንደሚያስሩ ታውቃለህ። በሰማንያ ዓመትህ የት ታገኛቸዋለህ? አንዳንዱ ሞቷል፤ አንዳንዱ አገር ለቋል። የዘገየ ንስሐ በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የለውም አልልህም፤ በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ምስክር ነው። ለመካስ ግን ሰውየው በሕይወት መኖር አለበት።

ዘኬዎስን አስታውስ። ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የበደልኩት ሰው ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ወደ ምኵራብ መጋረጃ እልካለሁ አላለም። ያስገባኸው ጃንጥላ ለታቦት ክብር ተዘርግቷል፤ ይቆይ። ነገር ግን የገበሬዎቹ ጃንጥላ መሆኑን እወቅ፤ ስለቱን የከፈሉት እነርሱ ናቸው። መጽሐፈ ሲራክም ከድሆች ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጅን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ጋር ያመሳስለዋል። በዚህ ነገር እኛ አገልጋዮችም ከጥፋት ነፃ አይደለንም። ስለት ሲመጣ እልል እናስብላለን እንጂ ከየት አመጣኸው ብለን አንጠይቅም።

የምኖርበት ይህ ምድር የአቡነ ተክለ ሃይማኖት አገር ነው። ቡልጋ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው አዳኝ የነበሩት ጻድቅ ጌታ ሲጠራቸው ሀብታቸውን ለድሆች ሰጥተው ቤታቸውን እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ። ነሐሴ 24 ዕረፍታቸውን ስናከብር ይህን እንሰብካለን፤ ነጋዴው ሰምቶ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይሄዳል። ለአንተ ቤትህን ክፍት ትተህ ውጣ አልልህም፤ ሚስትና ልጆች አሉህ። ከአንተ የሚፈለገው የቤትህን በር መክፈት ሳይሆን ሁለተኛውን ሚዛን ማውጣት ነው።

ሚዛንህን ስታስተካክል እግዚአብሔር በሌላ በኩል እጥፍ አድርጎ ይሰጥሃል ብዬም አልዋሽህም። ምናልባት ይሰጥህ ይሆናል፤ ምናልባት ገቢህ ይቀንስና ልጆችህን ክፍያው ዝቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ታዛውራቸው ይሆናል። ሙሴም መከራን ነው የመረጠው። ስለዚህ አስቀድመህ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጠህ ተነጋገር፤ የሚጎድለውን አብራችሁ ብትቀበሉት ይቀልላል። ከዚያ የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ከመግባቱ በፊት ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ስንት ዓመት እንዳጎደልክ፣ በግምት ስንት እንደ ሆነ ሳትቀንስ ንገራቸው። የምታውቃቸውን ገበሬዎች በምን መንገድ እንደምትክስ፣ የማታውቃቸውን ሸማቾች ድርሻ ለየትኞቹ ድሆች እንደምትሰጥ እርሳቸው ያዝዙሃል። ቀኖናህን ፈጽመህ እርሳቸው ሲፈቅዱልህ፣ ከሕፃናቱና ከአረጋውያኑ መካከል በዚያ ባዶ ቦታ ቆመህ ቍረብ።

ሚዛኑን ግን ጾሙ እስኪገባ አታቆየው። ነገ ጠዋት መጋዘኑን ስትከፍት፣ የመጀመሪያው ገበሬ ከአህያው ጆንያውን ሳያወርድ አስተካክለው።