ከናንተ የሚጠበቀው ትንሽ ነው

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሂሳብ ሥራ ነው፣ አብዛኛውን ሜክሲኮና ለገሃር አካባቢ ባሉ ቢሮዎች። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣቶች ይደውሉልኛል። «ጋሼ፣ ዘመኑ ጨልሟል፤ ክርስቲያን ሆኖ እንዴት ይኖራል?» ይሉኛል። ጦርነቱ፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የዘር ቆጠራው... እውነታችሁን ነው፣ አላጣጥለውም።

ግን «እናንተ የዓለም ብርሃን ናችሁ» የተባለው ሮማውያን ለሚገዟቸው፣ ቀራጭ ለሚዘርፋቸው ሰዎች ነው። ዘመኑ እስኪሻሻል ጠብቁ አልተባሉም። (ይህን የጻፈልን ማቴዎስም ቀራጭ ነበር፤ በሙያ ዘመዴ መሆኑ ነው።)

እኛ ወጣት ሳለን፣ ሐምሌ 1971 ዓ.ም.፣ ደርግ የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንና የወንጌላዊቷን መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን እዚሁ አዲስ አበባ ገደላቸው። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ነበራቸው፤ ምእመናኑን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ዛሬ ኦርቶዶክስና ጴንጤ እየተባባላችሁ ፌስቡክ ላይ ስትሞላለጩ ሳይ እነዚህ ሁለት አባቶች ትዝ ይሉኛል።

ሁላችሁም ሰማዕት ሁኑ እያልኩ አይደለም። ከናንተ የሚጠበቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ትንሽ ስለሆነም ይመስለኛል የምንዘለው።

መስኮት ላይ የምትሠሩ፣ ሲስተሙ እየሠራ «ሲስተም የለም» አትበሉ። አንዲት እናት ዶክመንታቸውን በፌስታል ይዘው፣ ታክሲ ተሰልፈው ይመጣሉ። ዛሬ ፎቶ ኮፒ፣ ነገ የወረዳ ደብዳቤ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ ይባላሉ። የሚያስፈልገውን ሁሉ ባንዴ ንገሯቸው፣ ወረቀት ላይም ጻፉላቸው። በቃ። ስንቱ ነው አንገቱ ላይ ማተብ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥቅስ፣ ስልኩ ላይ መዝሙር አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ግን የጉቦ ፖስታ የሚያስቀምጠው!

ሂሳብ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን መጋዘን ያልገባ ዕቃ የክፍያ ሰነድ ይመጣላችኋል። «አንተ ፈርም እንጂ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን» ትባላላችሁ። አትፈርሙ። ስብከትም አያስፈልግም፣ አለቃን ሰው ፊት ማዋረድም እንደዚያው። «ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኙ) አልተያያዘም» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ፣ ኮፒውን ለራሳችሁ ያዙ። ዕድገት ሊቀርባችሁ ይችላል፣ ወደማትፈልጉት ቦታ ልትዛወሩም ትችላላችሁ፤ አይደርስባችሁም ብዬ አልዋሻችሁም። በዚያ ሰሞን ጸሎት የሚሰጣችሁ ድፍረት ብቻ አይደለም፤ ቂም እንዳትይዙም ያግዛችኋል፣ እሱ ነው ከባዱ።

ደግሞ ብቻችሁን አትጋፈጡት። በየቢሮው እንደናንተ እምቢ የሚል አይጠፋም፣ የግድ የናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው ላይሆንም ይችላል። ከኔ ጋር የቆመው የንብረት ክፍሉ ሰው ሙስሊም ነበር። ዕቃው ስላልገባ አልፈርምም አለ፣ እኔም አልከፍልም አልኩ፤ ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው።