በ91 ድምፅ ማሸነፍ እና በ91 ድምፅ መብለጥ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ለማኅበራችን መጽሔት ስለ ግዛታችን የ1962 ምርጫ አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ «ካርል ሮልቫግ በ91 ድምፅ አሸንፎ አገረ ገዥ ሆነ» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ አነበበችና «እንዴ፣ 91 ሰው ብቻ ነው የመረጠው?» ብላ ሳቀችብኝ። ስሕተቱ የኔ ነው ወይስ የእሷ? «91 ድምፅ» ነው «91 ድምፆች»? «አገረ ገዥ» ማለቴስ ትክክል ነው?

መልስ፦ ልጅዎ አልተሳሳተችም፤ እርስዎም አልተሳሳቱም። ጥፋቱ የ«በ» ነው።

ይህች አንድ ፊደል ሁለት ሥራ ደርባ ይዛለች። «በ50 ብር ገዛሁት» ስንል 50 ብሩ መግዣው ነው። «ከዚያኛው በ50 ብር ይበልጣል» ስንል ግን የልዩነቱ ልክ ነው። «ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል» ያለን ሰው፣ ወንድሙ የሁለት ዓመት ሕፃን ነው ብሎ የሚረዳው የለም። የትኛውን ሥራ እየሠራች እንደሆነ የሚነግረን ግሡ ነው፦ ገዛ፣ ቆረጠ፣ ጻፈ የሚሉት መሣሪያውን ይፈልጋሉ፤ በለጠ፣ አነሰ፣ ቀደመ የሚሉት ልዩነቱን።

«አሸነፈ» ግን ለሁለቱም በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። በጦር አሸነፈ፤ በነጥብ አሸነፈ፤ በአንድ ጎል አሸነፈ። የመጨረሻዋን ልብ ይበሉ፦ 1 ለ 0 ትሁን 3 ለ 2 አትታወቅም። ጨዋታው ያመለጠው ሰው «ስንት ለስንት?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ እንምጣ። ሮልቫግ ያገኘው 619,842 ድምፅ ሲሆን ተፎካካሪው፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ኤልመር አንደርሰን፣ 619,751 አግኝቷል። «በ619,842 ድምፅ አሸነፈ» ብለው ቢጽፉም ሰዋስው አይከስዎትም። አገባቡ አንድ፣ ትርጉሙ ግን ሌላ! አንባቢው የሚለያቸው በቁጥሩ ትልቅነትና ስለ ነገሩ አስቀድሞ በሚያውቀው ብቻ ነው። የአንድ ትንሽ ቀበሌ ምርጫ ቢሆን ኖሮ እኔም ከልጅዎ ጋር እስቅ ነበር።

ጋዜጠኞች «በ91 ድምፅ ልዩነት አሸነፈ» እያሉ ያመልጣሉ። ነውር የለበትም። እኔ ግን ግሡን መለወጥ ይሻለኛል፦ «በ91 ድምፅ በልጦ አሸነፈ»። «ልዩነት» የምትለዋን ቃል በየቦታው መሰንቀር ልማድ ሆኖብናል፤ ባለሙያ የሆነ ግስ ካለ አታስፈልግም። ከዚያው ምርጫ ምሳሌ ልስጥዎት። ከድጋሚ ቆጠራው በፊት አንደርሰን በ142 ድምፅ ይመራ ነበር። እዚህ «ልዩነት» የለችም፤ ግን ማንም አይሳሳትም፣ «መራ» የ«በለጠ» ወገን ነውና። ከዚያ ሦስት ዳኞች ተሰይመው ቆጠራው ሲጠናቀቅ ሮልቫግ በ91 በልጦ ተገኘ። «ተገኘ» የምትለውን ወድጄ ነው የጻፍኳት፤ ወራት ፈጅቶ ወረቀት በወረቀት ተፈልጎ ለተገኘ ድል ትስማማለች።

ለተሸናፊው «91 ድምፅ ጎደለው» ማለትም ያምራል፣ ግን ሒሳቡን ይጠንቀቁ። 91 ቢጨመርለት እኩል ይሆኑ ነበር፤ ለማሸነፍ የጎደለው 92 ነው።

ስለ ብዙ ቁጥር፦ «91 ድምፅ» ይበቃል። ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ ስሙ መድገም የለበትም፤ «ሦስት ኪሎ ሽንኩርቶች» የሚል የለም። «ድምፆች» የምትሻለው ነገሩን አንድ በአንድ ስናየው ነው፦ «ያከራከሩት ድምፆች»። በነገራችን ላይ ዳኞች ፊት የሚቀርበው «የድምፅ መስጫ ወረቀት» ስለሆነ እንዲያው ወረቀቱን ቢጠሩት የበለጠ ግልጽ ይሆናል። የ«ድምፅ» የመጨረሻ ፊደል በግዕዙ ከ«ፀ» ወገን ነው።

«አገረ ገዥ» ደግ ቃል ነው። የአገር ገዥ ማለት ነው። ብቻውን «ገዥ» ካሉ ገበያ ወጥቶ ዕቃ የሚገዛውም ገዥ ነው። ዳሩ ግን ቃሉ ከኛ ዘንድ የሹመት ሽታ አለው፤ የአውራጃ ገዥ ከላይ ይሾም ነበር እንጂ አይመረጥም። ስለዚህ «አገረ ገዥ ሆኖ ተሾመ» እንዳይሉ፤ ያ ሁሉ ቆጠራ ከንቱ ይሆናል።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ድምፅ የተሰጠው ኖቬምበር 6 ቀን 1962 ነው፤ ሮልቫግ ቃለ መሐላ የፈጸመው ማርች 25 ቀን 1963። በፈረንጅ ሁለት ዓመት ስለሚነካ «የ1962 አገረ ገዥ» ቢሉ ያሳስታል፤ በዚያ ዓመት ወንበሩ ላይ የነበረው አንደርሰን ነውና። በኛ ሲቆጠር ግን የመጀመሪያው ጥቅምት 27፣ ሁለተኛው መጋቢት 16 ቀን ነው፤ ሁለቱም በ1955 ዓ.ም.። መጽሔትዎ በኢትዮጵያ ዘመን የሚጽፍ ከሆነ «በ1955 ዓ.ም. በ91 ድምፅ በልጦ አገረ ገዥ ሆነ» ይበሉና ለልጅዎ መልሰው ያስነብቧት።