ሬንጅፋይንደሩን ከመጠርጠርህ በፊት የሌንሱን ቀለበት ፈትሽ

ሰላም ወንድሜ። የድሮ ታጣፊ ካሜራህ ላይ የሚሰካ ሬንጅፋይንደር (የርቀት መለኪያ መሣሪያ) ገዝተህ፣ ርቀቱን እያነበብክ የሌንሱ ቀለበት ላይ ብትሞላም፣ ሁለት ሜትር ላይ ያነሳኸው ፊት ሁሉ ደብዝዞ እንደወጣብህ ጽፈሃል። እኔም እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ጥቅል ፊልም ጨርሻለሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን እይ። ከሬንጅፋይንደሩና ከሌንሱ ቀለበት አንዱ በሜትር፣ ሌላው በጫማ የተጻፈ እንዳይሆን። 6 ጫማ ማለት 1.8 ሜትር ገደማ ነው።

ከዚያ ሬንጅፋይንደሩን ፈትሽ። ማታ ወደ ጨረቃ አዙረው። በውስጡ የአንዱ ነገር ሁለት ምስል ይታይሃል፤ ሁለቱ ጨረቃዎች አንድ ሲሆኑ ጠቋሚው የርቀት መጨረሻ ምልክቱ (∞) ላይ መቆም አለበት። ቀን ደግሞ 1.5 እና 3 ሜትር በሜትር ለክተህ አረጋግጥ። ሁለተኛው ምስል ከፈዘዘብህ መስታወቱን እንዳትወለውለው፣ ስስ ቅቡ በቀላሉ ይነሳል። እኔ ትልቁ መስኮት ላይ ትንሽ ባለቀለም ላስቲክ ለጠፍኩ፣ ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ።

የእኔ ሬንጅፋይንደር ግን ደህና ነበር። የተሳሳተው ሌንሱ ነው። ከእኔ በፊት የሆነ ሰው የፊቱን መስታወት ፈቶ ሲመልስ ቀለበቱን ቦታው ላይ አላሰረውም። ያወቅኩት እንዲህ ነው፦ ፊልም ሳይኖር የኋላ ክዳኑን ከፍቼ፣ ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ደብዛዛ ስኮች ወጥሬ ለጠፍኩ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አሰርኩ። ሹተሩን ቢ (B፣ እስኪለቀቅ ክፍት የሚቆይበት ምልክት) ላይ አድርጌ ክፍት አቆየሁት፣ አፐርቸሩንም (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ከፊልሙ ቦታ ልክ ሁለት ሜትር ላይ ጋዜጣ ሰቅዬ በአጉሊ መነጽር አየሁ። ፊደሉ ጥርት ያለው ቀለበቱ 2.6 ላይ ሲደርስ ነው! የቀለበቱን ሦስት ትንንሽ ብሎኖች አላልቼ፣ ሩቅ ነገር ላይ አስተካክዬ መልሼ አሰርኩት።

ካሜራህ አግፋ ኢሶሌት ከሆነ ቀለበቱን በጉልበት አታዙረው። የእነዚያ ካሜራዎች ግራሶ በዕድሜ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ስታስገድደው የመሃለኛው መስታወት አብሮ ይዞርና ፎከሱ ጨርሶ ይሳሳታል። ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጠው።

የእኔ ካሜራ 6 በ9 ሴንቲሜትር ምስል የሚያነሳ፣ ባለ 105 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። አፐርቸሩ 4.5 ላይ ሲሆን ሁለት ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፊትም ከኋላም ወደ 11 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ርቀቱን አንብበህ፣ ካሜራውን ዝቅ አድርገህ ቀለበቱን ሞልተህ እስክትመለስ ድረስ ሰውነትህ ይህን ያህል ይወዛወዛል። ስለዚህ እኔ ለፊት ፎቶ አፐርቸሩን ወደ 8 አጠብባለሁ። የምለካውም በቁም መስመር ነው፤ የመነጽር ዘንግ ወይም የኮሌታ ጠርዝ ይሻላል። ጉንጭ ላይ ሁለቱ ምስሎች መቼ እንደገጠሙ አይታወቅም። ለመልክዓ ምድር ግን በአፐርቸር 11 ቀለበቱን 10 ሜትር ላይ ካቆምከው ከ6 እስከ 40 ሜትር ገደማ ይይዝልሃል፣ ሬንጅፋይንደሩን ማውጣትም አያስፈልግህ።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሜራውን በቀስታ ክፈተው። ወናፉ (ሌንሱን ከካሜራው አካል ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ክፍል) ድንገት ሲዘረጋ አየር ይስብና ፊልሙን ከቦታው ወደ ፊት ያጎብጠዋል። እኔ ከፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ፊልሙን የማዞረው፣ ያኔ ይወጠራል።

የጋዜጣውን ሙከራ ሠርተህ ቀለበቱ ስንት ላይ እንደቆመ ጻፍልኝ።