ፎቶውን ሌላ ሰው ያንሳችሁ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ወደ ፎቶ ቤታችን መጣች። አሁን ሥራውን የያዘችው ልጄ ናት፤ እኔ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። ልጅቷ ፎቶዋ እስኪደርስ አጠገቤ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ የድሮ ፎቶ አንሺ ነዎት አሉኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች።

የምትወዳቸው ሁለት ዘፋኞች ለአንድ ድርጅት አዲስ ምርት ማስተዋወቂያ ወደ ደብረ ብርሃን ይመጣሉ። ዕጣ ወጥቶላት ከሁለቱም ጋር ፎቶ ትነሳለች። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ጊዜ ግን በጣም ትንሽ ነው ተብላለች። ስልኳ ደግሞ ማታ ላይ ያደበዝዛል። እንዴት ብትነሳ ይሻላል?

ብርሃኑን ፊት ለፊትሽ አድርጊው፣ ከኋላሽ አምፖል አይሁን፣ የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። የነገርኳት ግን ለፓስፖርት ፎቶም የሚሆን ምክር ነው። የቀረውን ቆማ የምትሰማው ስላልሆነ ለእሷም ለእናንተም እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ዘፈን ማለት ካሴት ነው። ሙዚቃ ቤቱ የዘፋኙን ሥራ በቁርጥ ዋጋ ይገዛና ሩጫው ከአባዢዎች ጋር ይሆናል። ሁለት ካሴት የሚጎርስ ቴፕ ያለው ሁሉ አባዢ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ያኔ ገና ነበር። ስለዚህ ኦሪጅናሉ ቶሎ እንዲሸጥ አንዳንዴ ዘፋኙን ራሱን ይዘው ይመጡ ነበር።

ያን ቀን የመጣችው ሴት ዘፋኝ ናት። ስሟን አልጠራም። ከጠዋት ጀምሮ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ከተማውን ስትዞር ዋለች። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአዲስ አበባ ሰው ስስ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ነው ያረጀሁት። ዘፋኟም እንደዚያው ሆነች። ካሴት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጧት፤ አንድ ነጋዴ ጋቢ አምጥቶ ደረበላት። ይዟት የመጣው ሰውዬ ግን ጋቢው ፎቶ ያበላሻል አለ። እናም ፎቶ ሲነሳ ጋቢው ይወልቃል፣ ፎቶው ሲያልቅ ይለበሳል። ሲወልቅ፣ ሲለበስ ዋለ።

የኔ ሥራ ግልጽ ነበር። ኦሪጅናል ካሴት የገዛ ሰው ከእሷ ጋር ይነሳል፤ ፎቶውን በሳምንቱ ከኔ ቤት ይወስዳል። ከለር ፊልም ለማሳጠብ አዲስ አበባ መላክ ስለነበረብኝ በጥቁርና ነጭ አነሳሁ። ጥቁርና ነጩን ራሴ ነው የማጥበው። እሱም ቢሆን መከራ ነበረው። የማጠቢያው ኬሚካል 20 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። የደብረ ብርሃን የኅዳር ሌሊት 20 ዲግሪ ከየት ያምጣ? ከሰል ላይ ውኃ ጥጄ፣ ሳፋ ውስጥ ገልብጬ፣ ጠርሙሱን እዚያ አቆመዋለሁ። ባለቤቴ «ዛሬም ጠርሙስህን ገላ ልታጥብ ነው?» ትለኝ ነበር። እኔ ራሴ በቀዝቃዛ ውኃ ነበር የምታጠበው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ «በጣም ነው የምወድሽ»። እሷም «አመሰግናለሁ» ትላለች። ፍላሹ ይበራል። ቀጥሎ!

በዚህ መሃል አንዲት ባና የደረበች ሴትዮ ሰልፉን ሳትይዝ ሰተት ብላ ገባች። ዘንቢል ይዛለች።

ሰውየው «እትዬ፣ ካሴት ገዝተዋል?» አላት።

«ካሴት ምን ያደርግልኛል፤ መጫወቻ የለኝም» አለችና ወደ ዘፋኟ ዞረች። «አንቺ ነሽ ሾፌሩ የሚያዘፍንሽ?»

«የቱ ሾፌር፣ እማማ?»

«የኛው ነዋ። የሰላ ድንጋዩ።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባን። ሴትዮዋ ከአገሯ ከሰላ ድንጋይ ወደ ከተማ በመጣች ቁጥር የአውቶቡሱ ሾፌር የዚህችን ዘፋኝ የድሮ ካሴት ይከፍታል። አንዲት ዘፈን አለች፤ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ሰውየውን የምትጠብቅበት። ልክ እዚያ ላይ ካሴቱን ቴፑ በልቶታል። ድምፁ ይጎተትና እልም ይላል። ሾፌሩ ይሳደባል፤ ሌላውን ገጽ ይገለብጣል።

«እና መጣ ወይስ ቀረ?» አለቻት።

ዘፋኟ ከጠረጴዛው ጀርባ ተነስታ ዞራ መጣች። የሴትዮዋን እጅ ያዘች። ያለ ማይክ፣ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ፣ ቴፑ የበላውን ስንኝ ዘፈነችላት። ሰልፉ ውስጥ «ኧረ ተራ ይጠበቅ!» የሚሉ ነበሩ፤ ቅርብ ያለው ሰው ግን ጸጥ አለ። ሴትዮዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«አይመጣም እንዴ?»

«አይመጣም፣ እማማ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ምን አስጠበቃት? ሞኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዘፋኟ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች። ጋቢው ትከሻዋ ላይ ነበር፤ አውልቂ ያላት የለም።

እኔስ? 36ኛዋን ፎቶ ጨርሼ ፊልም እየጠቀለልኩ ነበር። ዜኒት ካሜራ በእጅ ነው የሚጠቀለለው። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል። አዲሱን ፊልም አጉርሼ ክዳኑን ስዘጋ ሴትዮዋ ዘንቢሏን አንስታ ወጥታለች።

ዘፋኟ ዞር ብላ «አነሳኸን?» አለችኝ።

«ፊልም እየቀየርኩ ነበር።»

ዝም አለች። ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ጋቢው ወለቀ። ቀጣዩ ልጅ «በጣም ነው የምወድሽ» አላት።

የዚያን ቀን ፎቶዎች አጥቤ ስደረድራቸው ዘፋኟ በሁሉም ላይ አንድ ናት። ፈገግታዋ አንድ፣ የአንገቷ አዘማመም አንድ። ጎኗ ያለው ሰው ብቻ ይቀያየራል። ለሰው ምርቃትና ሠርግ ሳነሳ ኖሬ ብዙ ፎቶ አምልጦኛል፤ የሌላው አይቆጨኝም። የዚያች ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እንግዲህ ልጄ፣ ሰልፍ ያዢ፣ በጊዜ ድረሺ አልልሽም፤ ታውቂዋለሽ። እኔ የምለው ከሥራቸው አንድ ነገር ጠይቂያቸው ነው። ትንሽ ነገር ይሁን። ይህቺን መስመር ለምን ደገማችኋት? እዚህ ጋ የገባው ማሲንቆ ነው ወይስ ኪቦርድ? ሰው «እወድሃለሁ» ሲባል አመሰግናለሁ ከማለት ሌላ ምን መልስ አለው? ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን ማሰብ አለበት። እዚያ ላይ ነው ፊቱ የሚለወጠው።

ለዚህ ደግሞ ዘፈኑን መስማት ያስፈልጋል። የዘንድሮ ልጆች በዚህ ታስቁኛላችሁ። ቲክቶክ ላይ ያለችውን ቁራጭ ሰምታችሁ «ነፍሴ ነው» ትላላችሁ። ያቺ ሴትዮ የጎደላትን ስንኝ ፍለጋ ሰልፍ ጥሳ ገባች፤ እናንተ ሙሉው እጃችሁ ላይ እያለ መሃሉ ላይ ታልፉታላችሁ። ቆይ፣ ብዙ አልናገር። በኔ ጊዜም ጉድ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከመጽሔት የተቆረጠ የጥላሁን ገሠሠን ፎቶ ይዞ መጥቶ «አጠገቡ አድርገኝ» ብሎኛል። ቆርጬ፣ ለጥፌ፣ መልሼ አንስቼ ሠራሁለት። የልጁ ራስ ከጥላሁን ራስ በለጠ። ቅር ይለዋል ብዬ ስፈራ «እንዲያውም ጥሩ ነው» ብሎ ከፍሎኝ ሄደ። ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ለእንግዳ ሁሉ ሲተርክ እንደኖረ ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር ሰልፊ ነው። ሰልፊ ስትነሱ ሁለታችሁም የምታዩት ስልኩን ነው። አንድም ጊዜ ሳትተያዩ ትለያያላችሁ። ስልኩን ለጓደኛሽ ስጪ። «ቺዝ በሉ» እንዳትል፣ ዝም ብላ ደጋግማ ትጫን። ያንቺ ስልክ ፊልም አያልቅበት። አንቺ ፊትሽን ወደ ሰዎቹ አዙሪና አውሪ።

አዎ፣ ፎቶውን ተይው ልልሽ ነበር የተነሳሁት። ግን ያቺን አንዲት ፎቶ ባለማንሳቱ ይህን ያህል ዓመት የሚብሰለሰል ሰው ያንን ቢመክር ማን ይሰማዋል? ተነሺ። ብቻ አንቺ አታንሺው።

ሌላም ልጨምር። ዘፋኞቹ ያን ቀን ሥራ ላይ ናቸው። የሚከፍላቸው ድርጅቱ ነው፤ ፈገግታውም በውል የተያዘ ነው። ድሮ ኮንሰርቱን የሚደግፉት በአብዛኛው ቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል ብዙ የሙዚቃ ዝግጅት ገንዘብ አጣ። አሁን ስልኩም፣ ሳሙናውም፣ ቀለሙም ዘፋኝ ይዞ ይመጣል። በዚህ አትዘኚ። በኔ ጊዜም ካሴት ሊሸጡ ነበር የመጡት። ጠርዝ ላይ ቆሞ ሰዓቱን የሚያይ ሰውዬ ታያለሽ፤ ቢገፋሽ ዘፋኙ ገፋኝ ብለሽ አትቀየሚ። ሰውየውም ደመወዙን ነው።

ፊርማ የምትፈልጉም አላችሁ። ያኔ የካሴቱ ወረቀት ላይ ይፈረም ነበር። አሁን ዘፈኑ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ስለሆነ የሚፈረምበት ነገር የለም። ደብተር ያዙ። የሚያብለጨልጭ ፖስተር ከሆነ እስክሪብቶ ስለማይጽፍበት ማርከር ያዙ፤ እስኪደርቅም አትጠቅልሉት። መታወቂያችሁ ላይ ግን አታስፈርሙ። አንዱ የሰፈራችን ልጅ አምና የግቢ መታወቂያው ላይ አስፈርሞ ዘበኛው «ይህ የማን ፊርማ ነው?» ብሎ በር ላይ አቁሞት ነበር። የዘፋኙ ነው ቢለው ዘበኛው አላመነም። እናቱ እኔ ጋ ልካው አዲስ ጉርድ ፎቶ አነሳነው።