«ነጠላ ንብርብር» ይባላል?

ከአራት ኪሎ የጻፉልን አንድ የኬሚስትሪ መምህር ለተማሪዎቻቸው በሚያዘጋጁት ጽሑፍ ላይ «የአልኮል ነጠላ ንብርብር ደረጃዎች በውሃ ላይ» የሚል ርእስ ቢሰጡ ትክክል ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል። «ነጠላ ንብርብር» ያሉት በእንግሊዝኛ «monolayer»፣ «ደረጃ» ያሉት ደግሞ «phase» የሚባለውን ነው።

«ንብርብር» የወጣው «ተነባበረ» ከሚለው ግስ ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ መደራረቡን በውስጡ ይዟል፤ «ነጠላ» ሲታከልበት ቅጽሉና ስሙ ይጣላሉ። ነገሩ ራሱም አልተነባበረም። እንደ ሄክሳዴካኖል ያለ አልኮል በውሃ ላይ ሲዘረጋ የእያንዳንዱ ሞለኪውል የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ራስ ውሃውን ይይዛል፤ ውሃ የማይስማማው፣ የ16 ካርቦኖች ሰንሰለት የሆነው ጭራ ወደ አየሩ ይወጣል፤ ጭራዎቹ ተጠጋግተው ሲቆሙ ውፍረቱ የአንድ ሞለኪውል ቁመት፣ ማለትም 2 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሁለት ሚሊዮንኛ) ገደማ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ «ባለ አንድ ሞለኪውል ገለፈት» ቢሉ እመርጣለሁ። «ሽፋን»ም ስሕተት አይደለም፤ ስስነትን ግን አይናገርም። «ስልባቦት» በፈሳሽ ላይ መንሳፈፍን ስለሚያሳይ ልቤ ይፈቅደው ነበር፤ የወተት ሽታው ግን አይለቀውም።

«ደረጃ» የበለጠ ያሳስታል፤ ደረጃ የሚወጡት፣ አንዱ ከሌላው የሚበልጥበት ነገር ነው። እዚህ ግን ገለፈቱን ከጎን በሚገፋ ዘንግ ሲያጠቡት ይለወጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። አሜሪካዊው ኬሚስት ኢርቪንግ ላንግሙየር በ1917 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ጥናት ወዲህ የታወቀው ይህ ነው፦ ሞለኪውሎቹ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ እንደ ጋዝ ይበታተናሉ፤ ሲጠቡ የላላ ፈሳሽ፣ ቀጥሎም ጭራዎቹ ዘንበል ያሉበት የታመቀ ገለፈት ይሆናሉ፤ በመጨረሻ ጭራዎቹ ቀጥ ብለው ሲቆሙ እያንዳንዱ ሞለኪውል 0.2 ካሬ ናኖሜትር ያህል ብቻ ይዞ ገለፈቱ ይጠጥራል። የትኛው እንደሚታይ የሚወስኑት የሙቀቱ መጠንና የጭራው ርዝመት ናቸው። ለእነዚህ ሁሉ «ሁነት» ይበቃል፤ ተማሪውም ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝን ሲማር ያውቀዋል።

«አልኮል» ብቻውን መቆሙም አይበቃም። ፒያሳ ላይ ቃሉን የሰማ ሰው የሚያስበው መጠጡን ወይም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን ነው፤ ሁለቱም ከውሃ ጋር ስለሚዋሃዱ እንዲህ ያለ ገለፈት አይሠሩም። ርእሱን «ረጅም ሰንሰለት ያላቸው አልኮሎች በውሃ ላይ የሚሠሩት ባለ አንድ ሞለኪውል ገለፈት፦ አወቃቀሩና ሁነቶቹ» ቢሉት ይረዝማል፤ ሆኖም በርእሱ ላይ የረዘመው በጽሑፉ ውስጥ «ገለፈቱ» ተብሎ ሊያጥር ይችላል።