ስሜ በስክሪን ላይ ተለጠፈ

ጥያቄ፦ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ በፕሮግራመርነት ስሠራ 3 ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ወር የቡድን መሪያችን አዲሱ የሶፍትዌራችን ሥሪት አርብ ማምሻውን ካልወጣ ብለው ስላጣደፉን፣ እኔ የጻፍኩት ኮድ ማንም ሳይገመግመው ሥራ ላይ ዋለና የክፍያ ገጹ ለ40 ደቂቃ ቆመ። ሰኞ ጠዋት ስሜና የተሳሳትኩበት መስመር በትልቁ ስክሪን ላይ ተለጥፎ፣ 30 ሰው በተሰበሰበበት «ይህንን ጀማሪም አይሳሳተውም» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ባልደረባዬ ያገኘውን ባግ (የኮድ ስህተት) ለማንም ሳይናገር ሌሊት ሲያስተካክል አይቻለሁ፤ እኔም እንደ እሱ ማድረግ ጀምሬያለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። ልልቀቅ ወይስ ልናገር?

መልስ፦ የሰኞው ውርደት ማንንም ያማል፤ እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን እንደ ዋዛ የጠቀሱት የሌሊቱ ጥገና ነው። ባጉ ለምን እንደተፈጠረና ሌላ የት ሊደገም እንደሚችል የሚያውቀው እንቅልፍ ያጣው ያ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት የሆስፒታል ጥናት፣ የተሻሉ የሚባሉት የነርሶች ቡድኖች አነስተኛ የመድኃኒት ስህተት ይኖርባቸዋል ብለው ቢጠብቁም፣ የተመዘገበው ስህተት በእነሱ ዘንድ በዝቶ ተገኘ፤ እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን ሳይፈሩ ይናገሩ ነበርና። በሶፍትዌር ሙያ ፖስትሞርተም የሚባለው የብልሽት ግምገማም እንደ ጎግል ባሉ ድርጅቶች ግለሰብን ሳይወነጅል እንዲካሄድ የሚፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው። በእርስዎ ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ግምገማ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ያልተገመገመ ኮድ እንዴት ሊያልፍ ቻለ፣ ሰው ወደ ቤቱ በሚሄድበት ሰዓት እንዲወጣ ማን ወሰነ፣ ወደ ቀድሞው ሥሪት መመለሱስ ለምን 40 ደቂቃ ፈጀ ተብሎ ይጠየቅ ነበር። (ሁለተኛውን ጥያቄ መሪዎ የሚወዱት አይመስለንም።)

ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት የዚያን ምሽት ሂደት የማንንም ስም ሳይጠሩ፣ የራስዎን ድርሻም ሳይሸሽጉ፣ በየሰዓቱ ከፋፍለው በአንድ ገጽ ይጻፉና መሪዎን ለብቻቸው ያነጋግሩ። ሁለተኛ ሰው ያላጸደቀው ኮድ ከዋናው ጋር እንዳይዋሃድ ሲስተሙ ራሱ እንዲከለክል ይጠይቁ፤ ጠባይን ከሚነካ ወቀሳ ይልቅ እንዲህ ያለ ቴክኒካዊ ሐሳብ በግትር አለቃ ዘንድ እንኳ ተቀባይነት ለማግኘት ይቀለዋል። ከዚያም ስህተትዎን ለብቻዎ ቢነግሩዎት እንደሚመርጡ በግልጽ ይናገሩ። የሌሊቱን ጥገና ግን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ በዚህ በኩል ጥፋቱ የእርስዎም ነው።

ገጹ ሳይነበብ ቀርቶ ሌላ ስም ስክሪኑ ላይ ከወጣ፣ ደመወዝዎ ሳይቋረጥ ሌላ ሥራ ይፈልጉ። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡም፣ በቅርቡ ሥራቸውን ያስተጓጎለው ብልሽት ምን እንደነበረና ከዚያ በኋላ ምን እንደለወጡ ይጠይቋቸው፤ መልሳቸው በሰው ስም ከጀመረ ይቅርብዎ።