በአውቶብስ ከአህጉር ወደ አህጉር

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ከአውሮፓ ተነሥቶ እስያን በሚያቋርጥ አውቶብስ ሰባት ሳምንት የሚፈጅ ጉዞ ለማድረግ አስቤያለሁ። ልጆቼ «በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ለሚደረስበት አገር ምን አደከመሽ?» ይሉኛል፤ እኔ ግን ማየት የምፈልገው መንገዱን ራሱን ነው። ብዙ ስቀመጥ እግሬ ያብጣል፤ የቪዛውም ጉዳይ ያሳስበኛል። ከምን ልጀምር? የትኛውስ ወንበር ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምኞትዎ ከእርስዎ በፊትም የብዙዎች ምኞት ነበር። እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 1957 ሃያ መንገደኞችን ይዞ ከለንደን የተነሣ አንድ አውቶብስ ቱርክን፣ ኢራንንና ፓኪስታንን አቋርጦ ጁን 5 ቀን ሕንድ ውስጥ ካልካታ ገብቷል፤ የመሄጃው ዋጋ 85 ፓውንድ ነበር። ለንደን የተመለሰው ግን ከተያዘለት ቀን 16 ቀን ዘግይቶ ነው። ለጉዞ ለሚዘጋጅ ሰው ከዚህ ታሪክ ውስጥ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ መዘግየት ይመስለኛል።

ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት አጓጓዡን ድርጅት «አውቶብሱ ቆሞ የሚውልባቸው ቀናት ስንት ናቸው?» ብለው ይጠይቁ። በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንኳ ያልተያዘለት ጉዞ ከሆነ፣ በአንድ ኬላ ላይ የሚፈጠር የሁለት ቀን መጓተት ከዚያ በኋላ ያሉትን ቪዛዎች ሁሉ ሊያበላሽብዎ ስለሚችል፣ እኔ ብሆን አልሳፈርበትም። ቪዛዎቹን ከመጨረሻው አገር ወደ መጀመሪያው እየቆጠሩ ያቅዱ። የአንዳንዱ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ከገቡበት ቀን ሲሆን የሌላው ደግሞ ከተሰጠበት ቀን ነው፤ ይህን ያላስተዋለ መንገደኛ ገና መንገድ ላይ እያለ ቪዛው ይቃጠልበታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዘው የመውጫ ማኅተም ካስመቱ በኋላ ቀጣዩ ኬላ ቢመልስዎ፣ በሁለቱ ኬላዎች መካከል ይቀራሉ። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ሁለት ጊዜ የሚያስገባውን ቪዛ ይጠይቁ።

መንገዱ ራሱም ሊዘጋ ይችላል። ያ ከአውሮፓ ወደ ሕንድ የሚወስድ የቆየ የምድር መስመር እ.ኤ.አ. በ1979 የኢራን አብዮት ሲነሣና የሶቪየት ጦር አፍጋኒስታን ሲገባ ተቋርጧል። መስመሩ ቢለወጥ ገንዘብዎ እንዴት እንደሚመለስ ውሉ ላይ በጽሑፍ መኖሩን፣ የጉዞ መድኅንዎም የሚያልፉባቸውን አገሮች በሙሉ በስም የሚሸፍን መሆኑን ያረጋግጡ።

ወደ እግርዎ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ መጓዝ ደም በደም ሥር ውስጥ የመርጋቱን ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። አደጋው በጥቅሉ ትንሽ ቢሆንም፣ በዕድሜዎና በእብጠቱ ምክንያት ከመነሣትዎ በፊት ሐኪም ማማከር ይገባዎታል፤ እግርን የሚያጠብቅ ካልሲ ያስፈልግዎ እንደሆነም ይነግርዎታል። ሁለቱም እግሮች ወደ ማታ ማበጣቸው የተለመደ ነው፤ አንዱ ብቻ አብጦ ባቱ ላይ ሕመም ከተሰማዎ ግን ሳያድሩ ይታዩ። እኔ በአንድ ሌሊት ጉዞ ጫማዬን አውልቄ ተኝቼ፣ «ለፓስፖርት ውረዱ» ሲባል እግሬ አልገባ ብሎኝ፣ ክሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቼና ተረከዙን ረግጬ በብርድ ሰልፍ ቆሜ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፊ ክፍት ጫማ ከወንበሬ ሥር ሳላስቀምጥ ተጉዤ አላውቅም።

ወንበርን በተመለከተ፣ ከጎማዎቹ በላይ ያለው ስለሚያንገጫግጭ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ይምረጡ። ለእግርዎ የሚሻለው የመተላለፊያው ዳር ነው፤ ሰው ሳይቀሰቅሱ ተነሥተው መንቀሳቀስ ይችላሉ። መንገዱን ለማየት ደግሞ መስኮቱ ያስፈልግዎታል። እንግዲህ ከጎንዎ ከሚቀመጠው ሰው ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን ተነጋግረው፣ ቀን ቀን መስኮቱን እርስዎ፣ ሌሊት ሌሊት እሱ እንዲይዙ ይስማሙ።